ያጨበጨብንበት ደቂቃ
ስለ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እና ስለ «ጤዛ»

«ፊልሙ እንዴት ነበር?» ተብለን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን በአንድ ቃል እንገላገላለን። «ይመቻል» እንላለን፤ ወይም «ይደብራል»፤ ወይም ደግሞ «መንፈሳዊ አይደለም»። ሦስቱም መልሶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ጨዋታውን ይዘጉታል። ይመቻል ያለው ምን እንደተመቸው፣ ይደብራል ያለው የትኛው ቦታ ላይ እንደደከመው አልነገረንም። መንፈሳዊ አይደለም ያለውማ ፊልሙን ሳያይም ይህንኑ ሊል ይችል ነበር።

አስተያየት ግላዊ መሆኑ ችግር የለበትም። ሰው የሚያየው በራሱ ዓይን ነው። ችግሩ ያየነውን ሳንናገር ፍርዱን ብቻ መናገራችን ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አስታውሱ። ፈሪሳውያኑ ደጋግመው ሲያፋጥጡት ስለማያውቀው ነገር አልተከራከረም፤ ቀድሞ ዕውር እንደነበረና አሁን እንደሚያይ ብቻ ተናገረ። በጉባኤያችን ደኅና ምስክርነት የምንለውም እንዲህ ያለውን ነው። የሆነውን በቅደም ተከተል ይነግረናል፤ ከዚያ በኋላ «አሜን» ለማለት ምክንያት ይኖረናል። ስለ ፊልም የምንሰጠው አስተያየትም ከዚህ ሥርዓት ቢማር ይጠቀማል። መጀመሪያ ያየኸውን ንገረን፤ ቀጥሎ በውስጥህ ምን እንደተንቀሳቀሰ ንገረን፤ ፍርዱ በመጨረሻ ይምጣ።

ይህን በሁለት የሀገራችን ፊልሞች ላይ ልሞክረው። ሁለቱም የኃይሌ ገሪማ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ዘመን ያልሻራቸው ተብለው በዓለም ዙሪያ የሚታዩ ናቸው። የመጀመሪያው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይባላል፤ ለተመልካች የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሁለተኛው «ጤዛ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። በመካከላቸው 32 ዓመት አለ። እኔ እንደማምነው ሁለተኛው ፊልም ለመጀመሪያው የተሰጠ መልስ ነው፤ አንዱን ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ንግግር ብቻ ሰምቷል።

ኃይሌ ገሪማ የተወለደው ጎንደር ነው። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ደራሲና የተውኔት ሰው ናቸው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1967 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በሎስ አንጀለስ ፊልም ተምሮ ኋላ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማረ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የሠራው ገና ተማሪ ሳለ ነው። በ1966 ዓ.ም. የንጉሡ ሥርዓት በሚንገዳገድበት ሰሞን ወደ ሀገሩ መጥቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ ቀረጸው። ቀለም የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ተዋንያኑም በሙያው የኖሩ ሰዎች አይደሉም። ርዝመቱ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል።

ታሪኩ ለመንገር ቀላል ነው። አንድ ጭሰኛ ቤተሰብ በባለርስት መሬት ላይ ይኖራል። አባት ያርሳል፣ እናት ትደክማለች፣ ልጆች ከብት ይጠብቃሉ። ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል፣ ያዝዛል፣ ይሳደባል። ከበበ የሚባል፣ መሬቱን የተነጠቀ፣ መንደሩ እንደ ዕብድ የሚያየው ሰው አለ፤ ሌላው በሆዱ የያዘውን እሱ በአደባባይ ይናገራል። አንድ ቀን የጭሰኛው ልጅ የባለርስቱን ላም ከደራሽ ውኃ ለማትረፍ ስትል ትሰጥማለች። በመጨረሻ ከበበ ዱላውን አንሥቶ ባለርስቱን ይገድለዋል።

ይህን ፊልም በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ከወጣቶች ጋር በሁለት ቅዳሜ ከፍለን አይተነዋል። በመጀመሪያው ቅዳሜ የተሰማው ቅሬታ አንድ ነበር፤ «ምንም ነገር አይፈጠርም!» የሚል። እውነት ነው፤ ካሜራው ሲታረስ ረጅም ጊዜ ቆሞ ያያል። ሰው ዳገት ሲወጣ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። በስልካችን በደቂቃ ሦስት ቪዲዮ ለምናሳልፈው ለእኛ ይህ ትዕግሥት ይፈታተናል።

እዚህ ላይ ግን «ይደብራል» ከማለታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። የሚደብረው ፊልሙ ነው ወይስ የሚያሳየው ሕይወት? ጭሰኛው ያንን ዳገት የሚወጣው አንድ ጊዜ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ነው። አባቱም ወጥቶታል፤ አያቱም ወጥቶታል። የፊልሙ ስም የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ሦስት ሺህ ዓመት ማምረት፣ ምርቱም የሌላ መሆን። ኃይሌ ድካሙን በሁለት ደቂቃ ሙዚቃ አጅቦ ቢያሳልፈው ኖሮ እኛም በሁለት ደቂቃ እንረሳው ነበር። ስለዚህ የእኔ አስተያየት ዝግታው ጉድለት ሳይሆን የፊልሙ ዋና ሐሳብ ነው የሚል ነው። አንዲት እህት በውይይቱ ላይ ይህንን ከእኔ አሳጥራ ተናግራዋለች፤ «እኔን የደከመኝ ተቀምጬ ነው» አለች።

በፊልሙ ውስጥ ሰዎች እንደ በሬ ቀንበር ተጭኖባቸው የሚታዩበት ሕልም አለ። ብዙዎቻችን ከመላው ፊልም ያስታወስነው ይህንን ነው። ጌዴኦ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሕዝብ አይደለም፤ እንሰቱና ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር አብረው ያድጋሉ፤ ሥራው በእጅ ነው። ያ ገበሬ የሚኖርበት አገር መልኩም ልማዱም ከእኛ ይለያል። ቀንበሩን ግን አያቶቻችን ያውቁታል። መሬቱ በቀላድ ተለክቶ ለሌላ ሲሰጥ፣ ቡናውን የተከለው ሰው በገዛ ቀዬው ገባርና ጭሰኛ ሆኖ ኖሯል። በ1952 ዓ.ም. ምችሌ ላይ የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ የተነሡት በዚሁ የቡና ምርት ክፍፍል ምሬት ነው። ጦርና ዱላ የያዘ ሕዝብ ከጠመንጃ ጋር ገጠመ። ፊልሙ ከመቀረጹ 14 ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ወጣት ይህን ፊልም የሩቅ አገር ታሪክ ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ዓለም ያደነቀው ያ ቡናና እንሰት በአያቶቻችን እጅ ሲለማ ፍሬው የማን እንደነበረ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ወደ ሁለተኛው ቅዳሜ ልመለስ። ከበበ ዱላውን ሲያነሣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ባለርስቱ ሲወድቅ ግን ከኋላ ወንበር ጭብጨባ ተነሣ፤ ወዲያው ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። ማንም አላዘዘንም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ የተጠራቀመው ነገር ፈነዳ።

እኔ በዚያ ጭብጨባ ላይ ልቆም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ፊልሙ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ እውነተኛው እሱ ነበር። አንደበታችን ከመናገሩ በፊት እጃችን ተናገረ። ልባችን ውስጥ ያለው ነገር ወጣ። ታዲያ ምን ነበር የወጣው?

አንዱ ክፍል የፍትሕ ረሃብ ነው፤ ይህ ከእግዚአብሔር ቃል ጋር አይጣላም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይነግረናል። ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድኻው ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዝዛል። ይህን እያነበበ ባለርስቱን አይቶ ምንም ያልተሰማው ክርስቲያን ቢኖር ከአጨብጫቢው ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ሌላው ክፍል ግን የደም ደስታ ነው። ይህን ያስተዋልኩት ከመካከላችን አንድ ሰው ባለማጨብጨባቸው ነው። ከወጣቶቹ ጋር ሊያዩ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ከፊልሙ በኋላ አስተያየታቸውን ስንጠይቃቸው ስለ ሲኒማ አንድም ነገር አልተናገሩም። «በምችሌ ጊዜ ልጅ ነበርኩ» አሉ። «ጦር ይዘው ሲወጡ እልል ብለን ሸኘን። እልል ያልንላቸው ሁሉ አልተመለሱም።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ባለርስቱስ ሞተ፤ ልጅቷ ግን መቼ ተመለሰች?» አሉን።

ለዚህ ጥያቄ ፊልሙ መልስ የለውም፤ እንዲኖረውም አልጠብቅም። የከበበ ዱላ የወረደበትን ሰው ገደለ፤ የሰጠመችውን ልጅ ግን አላስነሣም። እንደ ተመልካች በፊልሙ ላይ ያለኝ አንድ ቅሬታም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ባለርስቱ ሰው ከመሆን ይልቅ ምልክት ሆኗል። ሁልጊዜ ይጮኻል፣ ሁልጊዜ ያዋርዳል፤ ስለዚህም ሲወድቅ የወደቀው ሥርዓት እንጂ ሰው አይመስለንም። ጭብጨባውን ያቀለለልን ይህ ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን ሥርዓት ተመትቶ ሲወድቅ አላየንም፤ የሚወድቀው ሁልጊዜ ሰው ነው።

ኃይሌ ይህንን እንደሚያውቅ የምንረዳው «ጤዛ»ን ስናይ ነው። ፊልሙን ለመጨረስ ገንዘብ ሲፈልግ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በተከታዩ ዓመት በዋጋዱጉ በሚካሄደው ፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት አግኝቷል። ርዝመቱ 140 ደቂቃ ነው።

የ«ጤዛ» ሰው አንበርብር ይባላል። በጀርመን ሕክምና የተማረ፣ ከጓደኞቹ ጋር ስለ አብዮት ሲከራከር ያደረ፣ ድኻውን የሚያድን ዕውቀት ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ያለመ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በደርግ መጨረሻ ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ አንድ እግሩን አጥቷል፤ ትዝታውም ተቆራርጧል። ታሪኩን እንደ ተሰበረ መስተዋት በቁርጥራጭ እናያለን። ጓደኛው ተስፋዬ በአብዮት ስም በጭካኔ ሲገደል አይቷል። ወደ ጀርመን ተመልሶ ደግሞ በዘረኞች ተጠቅቶ አካሉን አጥቷል። መንደሩ ሲደርስ የእናቱ ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ለጦርነት ከሚያፍሰው ኃይል ይሸሽጋሉ።

አሁን ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በ«ምርት» ውስጥ የከበበ ዱላ ሲነሣ አጨብጭበን ነበር። በ«ጤዛ» ውስጥ ያው ዱላ ወጥቷል፤ የያዘው ግን ካድሬ ነው፤ የሚመታውም ተስፋዬን ነው። መሬት ላራሹ የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለጌዴኦ ጭሰኛ ነጻነት ነበር፤ ይህን መካድ አያቶቻችንን መካድ ነው። ያው መንግሥት ግን ብዙም ሳይቆይ ወጣቱን በየመንገዱ ገደለ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ የብዙ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትንም በር ዘጋ። እናቶቻችንና አባቶቻችን በየቤቱ ተደብቀው የጸለዩት በዚያ ዘመን ነው።

ይህን ጉዞ መጽሐፍ ቅዱስም ያውቀዋል። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ይመኛል፤ ኤልዛቤል በሐሰት ምስክር ናቡቴን ታስገድላለች። የርስት ነጠቃ ታሪክ ነው፤ ቦታውም ኢይዝራኤል ነው። ኤልያስ ወደ ንጉሡ ይላካል፤ በእጁ ዱላ የለም፤ ቃል ብቻ ይዞ ፊት ለፊት ይናገራል። ዓመታት አልፈው ኢዩ ተነሣ፤ የአክዓብን ልጅ ኢዮራምን ገድሎ ሬሳውን በዚያው በናቡቴ እርሻ ላይ አስጣለ። ይህን ስናነብ ብዙዎቻችን በልባችን እናጨበጭባለን፤ ኢዩም ስለ ሥራው በመጽሐፈ ነገሥት ተመስግኗል። ኢዩ ግን በዚያ አልቆመም፤ ደሙ በዛ። በሆሴዕ ምዕራፍ 1 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር የኢይዝራኤልን ደም በኢዩ ቤት ላይ እንደሚበቀል ይናገራል። የናቡቴ ደም ተፈላጊ ነበር፤ የተበቃዩ እጅ ያፈሰሰውም ደም ተፈላጊ ሆነ።

እኔ «ምርት»ን የናቡቴ ፊልም፣ «ጤዛ»ን የሆሴዕ ፊልም እለዋለሁ። ስሙም ሳይታሰብ የተገጣጠመ ይመስላል። ሆሴዕ በምዕራፍ 6 የሕዝቡን ቸርነት ማልዶ ከሚያልፍ ጠል ጋር ያመሳስለዋል። አንበርብርና ጓደኞቹ ለወገናቸው የነበራቸው ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን እንደ ጤዛ ተነነ።

የትኛው ይበልጣል? በውይይታችን ላይ አብዛኛው ወጣት «ጤዛ»ን መረጠ፤ ቀለም አለው፣ የሚያነሣውም ዘመን ቅርብ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ጊዜው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚዘል ግራ ገባን አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ በመጀመሪያ ዕይታ ክሩ ይጠፋል። እንደ ሥራ ውበት ከሆነ እኔ «ምርት»ን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ይዞ እስከ መጨረሻው አይለቅም፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። እንደ እውነት ሙላት ከሆነ ግን «ጤዛ» ይበልጣል፤ ምክንያቱም የገዛ ጎኑን ሰዎች ይጠይቃል። የጠላትን ክፋት ማሳየት ብዙ ሰው ይችላል። «እኛስ?» ብሎ መጠየቅ ከባድ ነው።

«ክርስቲያን ይህን ሁሉ ለምን ያያል?» የሚሉ ወላጆችና አገልጋዮች አሉ። ጥያቄው ክብር ይገባዋል። ሁለቱም ፊልሞች ግድያ ያሳያሉ፤ በተለይ «ጤዛ» ለታዳጊዎች የማይሆኑ ትዕይንቶች አሉት፤ መሪዎች ቀድመው ሳያዩ ለቡድን ማሳየት አይገባቸውም። ነገር ግን ጳውሎስ በአቴና ሲሰብክ የአድማጮቹን ባለቅኔዎች ያውቅ ነበር። ለተሰሎንቄ ሰዎችም ሁሉን እንዲፈትኑና መልካሙን እንዲይዙ ጽፎላቸዋል። ያላየነውን መፈተን አንችልም። ደግሞም ፊልሙን የምንፈትነው ብቻ አይደለንም፤ እሱም ይፈትነናል። የጭብጨባውን ነገር ያለ ፊልሙ አናውቀውም ነበር።

ይህ ለእኛ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቤታቸውን ጥለው ሲሰደዱ አይተናል። ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት መጠለያ ሆነው ነበር። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ያኔ ልጅ ሆናችሁ በሌላ ሰው ጀርባ ታዝላችሁ የመጣችሁ አላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ልብ በፊልም ውስጥ ዱላ ሲነሣ እጁ ለማጨብጨብ ቢፈጥን አይገርምም። ግን በድንበሩ ማዶ ያለውም ወጣት የራሱን ሙታን እያሰበ የሚያጨብጭብበት ሌላ ዱላ እንዳለው እናስታውስ። ሽማግሌዎቻችን በሶንጎ ተቀምጠው ቂምን በንግግር ሲፈቱ ኖረዋል፤ ወንጌሉም በቀልን ለእግዚአብሔር እንድንተው ያስተምረናል፤ ሮሜ ምዕራፍ 12ን አንብቡ። በቀልን መተው በደልን መርሳት አይደለም። ኤልያስ አልረሳም፤ አክዓብን በአደባባይ የናቡቴን ስም አስጠርቶታል ማለት ይቻላል። በደሉን በስሙ እየጠሩ እጅን ከደም መጠበቅ፣ ይህ ነው ከበበም ኢዩም ያላገኙት መንገድ።

ሁለቱን ፊልሞች በቡድን ለምታዩ የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች እተውላችኋለሁ። መልሳችሁን «ይመቻል» ወይም «ይደብራል» በሚል ቃል አትጀምሩ፤ «ያየሁት…» ብላችሁ ጀምሩ።

1. ፊልሙን ስታዩ እጃችሁ፣ እንባችሁ ወይም ሣቃችሁ ሳታዝዙት የወጣው የትኛው ቦታ ላይ ነው? ምን የሚያሳይ ነበር?

2. በቤተሰባችሁ ውስጥ የጭሰኝነትን ዘመን የሚያስታውሱ ሰው አሉ? ፊልሙን ከማየታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ምርቱን ማን ይለቅም፣ ማን ይቆጥር ነበር?

3. በ«ምርት» ውስጥ የሞተው ባለርስት ልጅ ቢኖረውና በሚቀጥለው እሑድ እናንተ አጠገብ ቢቀመጥ፣ ስለ ፊልሙ ምን ትሉታላችሁ?